አባባ «ለመሄድም ይከፈላል?» ላሉት

ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? አባባስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ ያወራነው ነገር ከሆዴ አልወጣ ብሎ ሰነበተ። የሒሳብ ሥራዬን ለቅቄ ስለ እግር መንገድና ስለ መልክዓ ምድር መጻፍ መጀመሬን ስነግራችሁ አንቺ ዝም አልሽ። አባባ ግን ስልኩን ተቀብለው «ሰው ለመሄድም ይከፈለዋል?» አሉኝ። ተቆጥተው አልነበረም፤ እውነት ነገሩ እንዲገባቸው ፈልገው ነው። እኔ ደግሞ በስልክ ደህና መልስ መስጠት አቃተኝ። ስለዚህ ረጋ ብዬ ልጻፍላችሁ። ለአባባ አንቺ አንብቢላቸው።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ፣ እንዳትጨነቂ። የሒሳብ ሥራውን ጨርሼ አልተውኩትም። በሳምንት ሁለት ቀን የሁለት ትንንሽ ድርጅቶችን መዝገብ እይዛለሁ። የቤት ኪራይ ከዚያ ይወጣል። የቀረውን ቀን እሄዳለሁ፣ እጽፋለሁ። የማገኘው ከበፊቱ ያንሳል፣ ግን ይበቃኛል።

ወደ አባባ ጥያቄ ልመለስ። የሚከፈለኝ ሌላ ሰው ሄዶ በሰላም እንዲመለስ ነው።

እዚህ እንግሊዝ ብዙ ሰው ቅዳሜና እሁድ ተራራና ሜዳ ላይ በእግሩ ይወጣል። ለነዚህ ሰዎች የሚዘጋጁ መጽሔቶችና የመንገድ መምሪያ መጻሕፍት አሉ። ጸሐፊው መንገዱን ሄዶ ያያል። ከየት እንደሚነሳ፣ የት እንደሚታጠፍ፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ይጽፋል። ሰው የሚረግጠው አፈርና ድንጋይ ምን እንደሆነ፣ ቦታው ምን እንዳለፈበትም ይጽፋል። አንባቢው ያንን ወረቀት ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይወጣል። እማዬ፣ የኔን ጽሑፍ ሰው የሚያነበው በጉልበቱ ነው።

ይህ የገባኝ በስህተቴ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ገና ስጀምር፣ አንድ መንገድ ከታች ወደ ላይ ሄድኩ። ስጽፈው ግን ከላይ ወደ ታች ገለበጥኩት። «ካቡ ሲያልቅ ወደ ግራ» ማለት ሲገባኝ «ወደ ቀኝ» ብዬ ተውኩት። ታተመ። አንዲት ሴት ከልጇ ጋር ጽሑፌን ይዛ ወጣች። ጭጋግ ወረደባቸው። እኔ ባልኩት በኩል ታጥፈው ረግረግ ውስጥ ገቡ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲዞሩ ቆይተው ነው መንገዱን ያገኙት። በኋላ ደብዳቤ ላከችልኝ። አንድም የቁጣ ቃል የለበትም። የካርታውን ቁራጭ አያይዛ፣ የተሳሳቱበትን ቦታ በእርሳስ ከብባዋለች። ከጎኑ «እዚህ ጋ» ብላ ጽፋለች፣ ሌላ ምንም የለም። ያ ወረቀት እስከ ዛሬ ከጠረጴዛዬ በላይ ተለጥፏል።

በሒሳብ ሥራ 11 ዓመት ቆይቻለሁ። እዚያ የሳትኩትን ቁጥር በማግስቱ አርመዋለሁ፤ ማንም እግሩ አይረጥብም። አሁን ግን እያንዳንዱን መንገድ ሁለት ጊዜ ነው የምሄደው። መጀመሪያ ለማየት። ሁለተኛ የጻፍኩትን ይዤ፣ ቦታውን እንደማያውቅ ሰው፣ ወረቀቱ ያለውን ብቻ እየታዘዝኩ። ወረቀቱ ካሳሳተኝ እዚያው ቆሜ አስተካክላለሁ። የምጽፈው በእርሳስ ነው፤ ቀለም ዝናብ ሲነካው ይፈሳል። «የወንዙ ግራ» ብዬ ከጻፍኩ ደግሞ ፊትን ወደሚወርድበት አዙሮ ያለው ግራ ማለት ነው። ይህ የሙያው ስምምነት ነው፣ ተራው ሰው ግን ስለማያውቀው በየጊዜው ማስረዳት አለብኝ።

ጊዜውንም በግምት አልጽፍም። ዊልያም ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራል። በአሁኑ መለኪያ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ይያዛል፣ ለ600 ሜትር አቀበት ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመራል። 10 ኪሎ ሜትር ሄዶ 600 ሜትር የሚወጣ ሰው ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል ማለት ነው፣ ያውም ሳያርፍ። እኔ ለጭቃና ለልጆች ተጨማሪ እይዛለሁ። አባባ የሒሳቡን ትምህርት በከንቱ ነው ያስተማርነው ብለው አዝነው ከሆነ ይህንን ንገሪያቸው። ካርታውም ቁጥር ነው። የምይዘው 1፡25,000 የሚባለውን ነው፤ ወረቀቱ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዙት ኮንቱር መስመሮች ከተጠጋጉ ገደል ወይም ጉልበት የሚፈታ አቀበት አለ። ከተራራቁ መሬቱ ለጥ ያለ ነው።

እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልንገርሽ። ወደዚህ አገር ከመጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር፣ የማውቀው ግን የአውቶቡስ ቁጥርና የቢሮዬን ደረጃ ብቻ ነው። መሬቱን ረግጬው አላውቅም። ወንዙ ከየት እንደሚመጣ፣ የግንቡ ድንጋይ ከየት እንደተፈለጠ አላውቅም። ከምር፣ ሆቴል ውስጥ እንዳለ ሰው ነበር የምኖረው። አንድ እሁድ ባቡር ተሳፍሬ ፒክ ዲስትሪክት ወረድኩ። እ.ኤ.አ. በ1951 የታወጀ የብሪታንያ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ኪንደር ስካውት የሚባለው አምባ ላይ ወጣሁ። ከፍታው 636 ሜትር ብቻ ነው፣ ተራራ ለሚያውቅ ሰው ብዙ አይደለም። አናቱ ላይ ግን ፒት የሚሉት፣ በረግረግ ውስጥ በደንብ ሳይበሰብስ ከተጠራቀመ ዕፅዋት የሆነ ጥቁር አፈር አለ። ውሃ ሰንጥቆት ቦይ ቦይ ሆኗል። አንዱ ቦይ ውስጥ ወርጄ ቆምኩ። አፈሩ ከራሴ በላይ ነው። በእጄ ስነካው እንደ ቅቤ ለስላሳ፣ ቀዝቃዛ ነው። ታች በኩል የዛፍ ቁራጭ ጎልቶ ይታያል፣ ልጣጩ ገና እንዳለ ነው። ይህ አፈር በግምት በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ነው የሚጨምረው። የኔ ቁመት ወደ 1,700 ዓመት ገደማ ነው ማለት ነው። ያ ዛፍ ቅጠሉ እያለ ማን በሥሩ አለፈ? ብዙ ቆሜ ቀረሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ያየሁትን ጻፍኩ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ አላቆምኩም።

በኋላ ስለ ቦታው ሳነብ ደግሞ ሌላ ነገር አገኘሁ። ያን አምባ ድሮ ማንም አይረግጠውም ነበር፤ የባለ ርስቶች የወፍ ማደኛ ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 1932፣ ቀኑ እሁድ ነው፣ ከማንቸስተርና ከአካባቢው የመጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሠራተኞች ክልከላውን ጥሰው ወጡበት። ከመሪዎቹ አንዱ ቤኒ ሮትማን ገና 20 ዓመቱ ነበር። አምስት ሰዎች ታሰሩ፣ እሱ አራት ወር ተፈረደበት። ሳምንቱን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ የዋለ ሰው እሁድን አየር ላገኝባት ስላለ ነው የታሰረው። እኔ ባቡር ተሳፍሬ እንደ ቀላል ነገር የወጣሁበት ቦታ ነው። እዚያ ስሄድ ስማቸውን ሳልጽፍ አላልፍም።

«ጽሑፍ ምን ይሠራል?» ካሉ ደግሞ አባባ፣ ይህን አንብቢላቸው። ቶም ስቲቨንሰን የሚባል ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1935 አንድ ጽሑፍ ጻፈ። ከኪንደር ሥር ተነስቶ እስከ ስኮትላንድ ድንበር የሚዘልቅ የእግር መንገድ ይኑረን አለ። ባለ ርስቶች ነበሩ፣ ጦርነት መጣ፣ ሕግ መውጣት ነበረበት። እሱ 30 ዓመት ሲወተውት ኖረ። በ1965 መንገዱ ተከፈተ። 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ፔናይን ዌይ ይባላል። በጋዜጣ ወረቀት የተጀመረ መንገድ ላይ ነው ዛሬ ሰው የሚሄደው። እኔ ያን ያህል እሠራለሁ አልልም። ግን ሥራው ከንቱ አይደለም።

ብቸኝነቱን ጠይቀሽኝ ነበር። ቢሮ ውስጥ ከሰው መሀል ሆኜ የነበረኝ ይብሳል። መንገድ ላይ የማላውቀው ሰው ሁሉ ሰላም ይለኛል። አንድ ሽማግሌ የፈረሰ ካብ ሲሠሩ አግኝቼ ግማሽ ቀን አብሬያቸው ዋልኩ። ጭቃ የለውም፣ ሲሚንቶ የለውም። ሁለት ረድፍ ጎን ለጎን ይካባል፣ መሀሉ በጠጠር ይሞላል። ከዚያ ሁለቱን ረድፍ የሚያያይዝ ረጅም ድንጋይ በአግድም ይገባል። አንዱን ድንጋይ አንስቼ ቦታ ሳጣለት መልሼ ጣልኩት። እሳቸው አንስተው አገላብጠው፣ እዚያው ፊቴ ያለ ቀዳዳ ውስጥ አስገቡት። ልክ ነበር። ማታ ስጽፍ ቃል አልገጥም ሲለኝ አሁን እሱን ነው የማስታውሰው። አገላብጠዋለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የሚቀጥለውን ጽሑፌን ወደ አማርኛ መልሼ ልኬላችኋለሁ። አንቺ እያነበብሽላቸው፣ አባባ እርሳስና ወረቀት ይዘው መንገዱን ይሳሉት፤ ከካቡ ጫፍ እስከ ድንጋዩ ድልድይ ያለውን ብቻ። የሳሉትን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ ከካርታዬ ጋር አስተያየዋለሁ። የእሳቸው መስመር ከካርታው ከተለያየ ጥፋቱ የኔ አጻጻፍ ነው። የሚታተመው በወሩ መጨረሻ ስለሆነ ለማረም ጊዜ አለኝ።

ናፋቂ ልጃችሁ