ሊንኩ ከመሀል ሲከፈት፦ የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ የሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው። ሌሎቹ ክበባት ድራማ አሳዩ፣ ችግኝ ተከሉ፣ ጥያቄና መልስ አወዳደሩ። እኛ አንድ ዌብሳይት ይዘን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ስንታገል ከረምን። "ምን ሠራችሁ?" ሲሉን ስልክ አውጥተን እናሳያለን። ያየው ሁሉ "በቃ ይሄ ነው?" ይላል። እንግዲህ ከጀርባው የነበረውን ልናገር።

ሐሳቡ የተማሪዎቹ ነው። በወላጆች ቀን የጎንደር ቅርሶች ፎቶ ግቢ ውስጥ ይለጠፋል፤ ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ኪውአር ኮድ ይኖራል። ወላጅ በስልኩ ስካን ሲያደርግ የዚያ ቅርስ ገፅ ይከፈትለታል። ፋሲል ግቢ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ቁስቋም፣ የፋሲል መዋኛ እያለ ይቀጥላል። ጽሑፉን የታሪክ ክበብ ልጆች አዘጋጁልን። ግቢውን የከበበው አጥር 900 ሜትር እንደሚረዝም፣ ቦታው እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ መመዝገቡን፣ ቁስቋምን እቴጌ ምንትዋብ ማሠራታቸውን አሳጥረው ጻፉ። ማሳጠር የሚችል ተማሪ ብርቅ ነው፤ እናመሰግናለን።

ዌብሳይቱ ነጠላ ገፅ አፕሊኬሽን የሚባለው ዓይነት ነው። ሰርቨሩ አንድ ዋና ገፅ ብቻ ይልካል። ከዚያ በኋላ ይዘቱን የሚቀያይረው ብራውዘሩ ውስጥ ያለው ጃቫስክሪፕት ነው። አድራሻውን አይቶ የትኛው ገፅ እንደሚወጣ የሚወስነው ክፍል ራውተር ይባላል። ግድግዳው ላይ ያለው የዋይፋይ ሳጥን ማለቴ አይደለም። የላብ ኃላፊያችን "ራውተሩ እምቢ አለ" ስንል በሰማ ቁጥር ሄዶ ሲያጠፋና ሲያበራ ነበር። ለየቅርሱ የተለየ ገፅ አልሠራንም። "/ቦታ/:መለያ" የሚል አንድ ንድፍ ብቻ ሰጠነው። ከሁለት ነጥቡ ቀጥሎ ያለው ክፍት ነው፤ በሊንኩ የመጣው እዚያ ይገባል። ኮዱ ላይ በላቲን ፊደል ነው ያለው፣ እዚህ በአማርኛ ያደረግኩት ለንባብ እንዲመች ነው።

መጀመሪያ መለያው የቅርሱ ስም ነበር፣ በአማርኛ። ልጆቹ በጣም ወደውት ነበር። ብዙም አልቆየም። ሊንኩን ኮፒ አድርገው ቴሌግራም ላይ ሲለጥፉት "ደብረ-ብርሃን-ሥላሴ" የፐርሰንት ምልክት ሰልፍ ሆኖ ወጣ። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8፣ ማለትም ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት ሥርዓት፣ ሦስት ባይት ይይዛል። እያንዳንዱ ባይት ደግሞ አድራሻ ላይ በሦስት ምልክት ይጻፋል። አሥሩ ፊደል 90 ምልክት ሆነ ማለት ነው። ይሄ ለዓይን አስቀያሚ ቢሆንም ይሠራል። የባሰው ሌላ ነው። መረጃውን የጻፈችው ልጅ በንጉሡ "ሥ" ጻፈች፣ ሊንኩን የሠራው ልጅ በእሳቱ "ስ" ጻፈ። ለእኛ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን ጭራሽ የማይተዋወቁ ሁለት ፊደሎች ናቸው። "ቦታው አልተገኘም" አለን። በ"ጎ" እና በ"ጐ"ም እንዲሁ። ክርክሩ ወደ አማርኛ ክፍለ ትምህርት ሊሄድ ሲል ስሙን ትተን ወደ ቁጥር ዞርን።

ቁጥሩ ደግሞ የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። "/ቦታ/4" ሲከፈት ባዶ ነጭ ገፅ። ቀይ ጽሑፍ የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ግማሹ ልጅ ራውተሩን፣ ግማሹ መረጃውን ጠረጠረ። አንዱማ ሪአክትን፣ ገፆቹን የሠራንበትን የጃቫስክሪፕት መሣሪያ፣ እንደ አዲስ ልጫን ብሎ ተነሳ፤ ፋይሎቹ የሚቀመጡበትን ግዙፍ ፎልደር በፍላሽ የገለበጠ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ግን ምንም ሳትነካ ከሊንኩ የመጣውን ዋጋ ኮንሶል ላይ፣ ማለትም ብራውዘሩ ለኮድ ጸሐፊ መልእክት በሚያወጣበት መስኮት፣ አሳተመችው። "4" ብሎ ወጣ። በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ። መረጃው ላይ ያለው 4 ጥቅስ የለውም። ከአድራሻ የሚመጣ ነገር ሁሉ ጽሑፍ ነው፣ ቁጥር ቢመስልም። በሦስት እኩል ምልክት ሲነጻጸሩ "አንድ አይደሉም" ይባላል፣ ፍለጋው ባዶ እጁን ይመለሳል። ወደ ቁጥር የምትቀይር አንዲት ቃል ጨመረችና ገፁ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ "መጀመሪያ የመጣውን እይ" የክበቡ ሕግ ሆነ። ኮድ ከመነካቱ በፊት የገባው ዋጋ ይታተማል።

ታኅሣሥ ላይ ዌብሳይቱን ነጻ ሰርቨር ላይ ጫንን። ከመነሻ ገፁ ተነስተህ ስትነካካ ሁሉም ሸጋ ነው። ኪውአሩን ስካን ስታደርግ ግን 404፣ ማለትም "ገፁ አልተገኘም"። ሪፍሬሽ ብታደርግም 404። ላፕቶፑ ላይ እንከን አልነበረውም፣ ልጆቹን ያናደዳቸውም ይሄ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። መነሻ ገፁ ላይ ሆነህ ስትነካ ሰርቨሩ አይጠየቅም፤ አድራሻውን የሚቀይረው ጃቫስክሪፕቱ ራሱ ነው። በቀጥታ ስትገባ ግን ጥያቄው ሰርቨሩ ዘንድ ይደርሳል። እሱ ደግሞ "ቦታ" የሚባል ፎልደር ውስጥ "4" የሚባል ነገር ይፈልጋል። የለም። ላፕቶፑ ላይ የምንጠቀምበት ቪት የሚባለው የመሞከሪያ ሰርቨር ያላገኘውን ገፅ ሁሉ ዝም ብሎ ወደ ዋናው ገፅ ስለሚመልስ ችግሩን ሸፍኖልን ኖሯል።

የዚያ ሰርቨር ቅንብር በእጃችን ስላልነበር ለጊዜው አድራሻው ውስጥ የ# ምልክት አስገባን። ከ# በኋላ ያለው የአድራሻ ክፍል ወደ ሰርቨር አይላክም፣ ስለዚህ ሰርቨሩ ሁልጊዜ የሚጠየቀው መነሻ ገፁን ነው። አያምርም፣ ግን ይሠራል። ጥምቀት እየደረሰ ነበርና አላማረረንም። በነገራችን ላይ ጥር 10 እና 11 ፋሲል መዋኛ ዙሪያ ኔትወርክ አለ ብሎ የሚሟገት ተማሪ ካለ እኔ ጋ ይምጣ።

ከጥምቀት መልስ "ቀጣይ" የሚል ቁልፍ ጨመርን። ከመዋኛው ወደ ቁስቋም ስትሄድ አድራሻው ላይ 4 ወደ 5 ይቀየራል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ግን ያው መዋኛው ነው። ሪፍሬሽ ስታደርግ ቁስቋም ይመጣል። ንድፉ አንድ ስለሆነ ሪአክት ገፁን አፍርሶ አይሠራም፤ ያለውን እንዳለ ይዞ ቁጥሩን ብቻ ይቀይራል። መረጃውን የሚያመጣው ዩዝኢፌክት የሚባለው የሪአክት ትእዛዝ ደግሞ የክትትል ዝርዝሩ (ሲቀየሩ እንደገና እንዲሠራ የሚያደርጉት ነገሮች ዝርዝር) ባዶ ስለነበር ገፁ መጀመሪያ ሲከፈት አንዴ ሠርቶ አረፈ። መለያውን ዝርዝሩ ውስጥ ስናስገባው ተስተካከለ። ይህን በቶሎ አገኙት። ሰልጥነዋል።

ዓመቱን ሙሉ ያስለፋን ግን የመጋቢቱ ነው። ቅንብሩን የምንቆጣጠረው ሰርቨር አገኘንና #ን ጣልነው። "ፋይል ሆኖ ያልተገኘ ጥያቄ ሁሉ ዋናው ገፅ ይሰጠው" የሚል ሕግ ጻፍን። 404 ጠፋ፣ ተጨበጨበ። ወዲያው ፎቶዎቹ ጠፉ። መነሻ ገፁ ላይ አሉ፣ የቅርሶቹ ገፅ ላይ የሉም። ፋይሎቹ አልተጫኑም እንዳንል ተጭነዋል። ብራውዘሩ የላካቸውን ጥያቄዎች የሚያሳየውን የኔትወርክ ሰሌዳ ከፈትን። የፎቶው ጥያቄ 200 ይላል፣ ማለትም "ደርሷል"። ፎቶው የታለ? አንዱ ልጅ የመጣውን ዓይነት የሚያሳየውን ዓምድ አየው። ኤችቲኤምኤል ይላል። ፎቶ ጠይቀን የመጣልን ዋናው ገፅ ነው።

ፎቶውን "ምስል/መዋኛ" ብለን ነበር የጠራነው፣ ከፊቱ ያለ እዝባር (/)። እንዲህ ሲጻፍ ብራውዘሩ ካለበት ገፅ ተነስቶ ይፈልጋል። በ# ጊዜ ሁልጊዜ መነሻው ላይ ስለነበርን ያገኘዋል። አሁን ግን "/ቦታ/4" ላይ ስላለን "/ቦታ/ምስል/መዋኛ" ብሎ ሄደ። እንዲህ ያለ ፋይል የለም፤ ደግ ብለን የጻፍነው ሕግም ዋናውን ገፅ ሰጠው። ከፊቱ እዝባር ስንጨምር ፎቶዎቹ ተመለሱ። 404 ቢለን ኖሮ ቶሎ በነቃን ነበር። ያ ሕግ ሌላም መዘዝ አለው፤ "/ቦታ/99" ብትልም ሰርቨሩ ችግር የለም ይልሃል። ስለዚህ "እንዲህ ያለ ቦታ የለንም" የሚለውን ገፅ ራሳችን ጻፍን።

ሚያዝያ ላይ የታሪክ ክበብ አንድ ቅርስ ከመሀል አስገቡ አለን። አስገባን፣ የቁስቋም ኪውአር መዋኛውን ማሳየት ጀመረ። ቁጥሩ የተወሰደው ከዝርዝሩ ተራ ነበር፣ ተራው ሲገፋ ሁሉም ተገፋ። አሁን እያንዳንዱ ቅርስ የማይለወጥ የራሱ ቁጥር አለው፤ የተሰረዘ ቁጥርም ለሌላ አይሰጥም። ይሄ የታወቀው ወረቀቱ ሳይታተም በፊት መሆኑ የትምህርት ቤቱን ቀለም አድኗል።

የወላጆች ቀን ሰላም አለፈ። አንዳንዱ ወላጅ ካሜራውን ደቅኖ "ልጄ፣ ምኑን ነው የምነካው?" ይላል፣ ልጆቹ ያሳያሉ። መብራት አንዴ ሄዶ ተመለሰ። ገፆቹ ተከፍተዋል።

ያልጨረስነው አለ። ገፁ ግርጌ ላይ ያለውን "ቀጣይ" ስትነካ አዲሱ ገፅም ከግርጌው ይከፈታል፣ ወደ ላይ በጣት መሳብ አለብህ። አድራሻው ሲቀየር ስክሪኑን ወደ ራስጌ የሚመልስ አጭር ኮድ ይፈልጋል፤ ችግሩ "ተመለስ" ሲባልም ወደ ራስጌ መውሰዱ ነው፣ ያኔ ደግሞ አንባቢው የነበረበትን ቦታ ያጣል። የዘንድሮ 10ኛ ክፍሎች መስከረም ላይ ከዚያ ይጀምራሉ። ምዝገባው እንደተለመደው ላብ በር ላይ ነው፤ የራሱ ላፕቶፕ የሌለው ተማሪም ይመዝገብ።