ሐኪሙ ወደ ዕድራችን ይምጣ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በሐዋሳ ከተማ መናኸሪያ አካባቢ የአንድ ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ሲዳማው፣ ወላይታው፣ ከምባታው፣ ጉራጌውና አማራው በአንድ ግቢ ተከራይቶ የሚኖርበት የተፋፈገ ሰፈር ነው፤ የሚበዙት ወንዶች ጫኝና አውራጅ ናቸው።

የሕመም ወሬ ሲነሣ ሁሉም ወደየወገኑ ይጠጋል። ቅቤ የጠገበ ቡርሳሜ እየበላ ያደገ የሲዳማ ልጅ በቀላሉ አይወድቅም ይላል አንዱ። ወላይታው ጥሬ ሥጋውንና ዳጣውን ይጠራል። የእኔዎቹ ጎንደሬዎችም ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ካለ ሐኪም ምን ይሠራል ባዮች ናቸው። አመመኝ ያለ ወንድ ወገኑን ሁሉ ያዋረደ ይመስለዋል።

አንድ ጫኝ ጎረቤቴ ከወር በላይ ሲያስለው ከረመ። ምች ነው ብሎ ዳማከሴ እየታሸ ኩንታሉን ይሸከማል። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ምርመራ እንደሚያሻው፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ እንደሚሰጥ ብነግረው «የእኛ ዘር በሳንባ አይታማም» አለኝ። ሰው ገለል ሲል ግን እውነቱን አወጣው፤ ተሰልፎ የዋለ ቀን ለልጆቹ ይዞት የሚገባው እንጀራ የለም። ደግነቱ አሁን የስድስት ወሩን መድኃኒት ጀምሯል።

ስለዚህ ነገሩን ሁሉ በባህል ከሚያላክኩት ጋር አልስማማም። በዚያው ቅቤ ያደገ፣ ግን የወር ደመወዝ ያለው መምህር የዕድራችን አባል ነው፤ የደም ግፊቱን በየጊዜው ይለካል፣ ማንም ወገኑን አዋረደ አላለውም።

እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ቤት ለቤት መዞሩ መልካም ነው። በእኛ ሰፈር ግን ባለሙያዎቹ የሚመጡት ወንዶቹ ሸክም ላይ ባሉበት ሰዓት ነው። ምክሩ ለባል የሚደርሰው ማታ በሚስት በኩል ነው፤ እንዴት እንደሚቀበለው አንባቢ ይገምት።

ወንዶቹ የማይቀሩበት ቦታ ዕድር ነው፤ የቀረ ይቀጣላ! የሚመለከተው ክፍል በስብሰባችን እሑድ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ቢቻል ሲዳምኛና ወላይትኛ የሚያውቅ ወንድ ባለሙያ ይላክልን። የደም ግፊት ከ140 በ90 አልፎም ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይምና መለኪያውን ይዞ ይምጣ። ድንኳንና ወንበር ከእኛ። በጉልበቱ የሚታወቀው ሊቀ መንበራችን ቀድሞ ክንዱን ሊሰጥ ተስማምቷል፤ እሱ ከተለካ የሌላው ብሔር ጎበዝ ወደ ኋላ እንደማይል ከፉክክራቸው አውቃለሁ።

የዕድሩ ጸሐፊ፣ ከሐዋሳ