የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ከመጫን በኋላ ያለው ሥራ

ክበባችን በዚህ ዓመት አዲስ የጫነው አፕሊኬሽን የለም። ይህን በኩራት ነው የምጽፈው፤ ዓመቱን ሙሉ የሠራነው የተጫነውን ጠብቆ ማቆየትና ማደስ ነው።

የ2016 አባላት በላቡ ጥግ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ዲቢያን 12 የተባለውን የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ በላዩም አፕሊኬሽኖችን ኮንቴይነር በሚባል በየራሳቸው ሣጥን ውስጥ የሚያስኬደውን ዶከርን ጭነው ሁለት ነገር አስረክበውናል። አንዱ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበው ኪዊክስ ነው። ሌላው መምህራን ኖትና ወርክሺት የሚያስቀምጡበት፣ ተማሪዎችም በላቡ ኔትዎርክ ገብተው የሚያወርዱበት ኔክስትክላውድ ነው። ሁለቱም ክፍያ የላቸውም፤ ፋይሉም ከግቢያችን አይወጣም። መጫኑ ብዙም አያስቸግርም፤ የትኛው አፕሊኬሽን በየትኛው ቨርዥን እንደሚነሳ የሚዘረዝር አንድ የኮምፖዝ ፋይል ጽፎ አንድ ትእዛዝ መስጠት ነው። ከዚያ በኋላ ግን አዳዲስ ቨርዥኖች በየጊዜው ይወጣሉ፤ መቼና በምን ቅደም ተከተል እንደሚታደሱ የሚያውቅ፣ ኃላፊነቱንም የሚወስድ ሰው ይፈልጋሉ።

ገና መስከረም ላይ አንድ የ10ኛ ክፍል አባል «የሚሠራውን ነገር ለምን እንነካካዋለን?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ከባድ ስለነበር የክበቡን ሰዓት በሙሉ ሰጠነው። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በብዙ አገሮች ሆስፒታልና ፋብሪካ ሳይቀር ኮምፒውተሮችን ሲቆልፍ፣ የዊንዶውስ ማስተካከያው ከወጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። የተጎዱት ያላደሱት ናቸው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤክስዜድ በሚባለው፣ ሊኑክስ ላይ በሰፊው በሚገኘው የፋይል መጭመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የኋላ በር፣ ማለትም ሳይፈቀድ ሰርጎ መግቢያ፣ ተገኘ፤ የገባውም በአዲሶቹ 5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች ነበር። ያገኘው ፖስትግሬስ የተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ገንቢ የሆነው አንድሬስ ፍሩንድ ነው። ኮምፒውተርን ከርቀት ለመጠቀም በሚያገለግለው ኤስኤስኤች ሲገባ የግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አስተውሎ ለምን ብሎ ተከታተለው። ዲቢያን 12 የቆየውን ቨርዥን ይዞ ስለነበር አልተነካም። ተማሪዎቹ ሁለቱን ታሪኮች አነጻጽረው ደንባችንን ራሳቸው አወጡ፦ የደኅንነት ማስተካከያ ሲወጣ አንዘገይም፤ ዋናው የቨርዥን ቁጥር ሲቀየር አንቸኩልም።

ደንቡ ብዙም ሳይቆይ ተፈተነ። የኔክስትክላውዱ ዳታቤዝ ፖስትግሬስ ነው፤ የወረስነው የኮምፖዝ ፋይልም ቨርዥኑን በቁጥር ሳይሆን «ሌተስት» (የመጨረሻው አዲስ) በሚል ቃል ነበር የሚጠራው። ጥቅምት ላይ አባላት ኢሜጆቹን፣ ማለትም ኮንቴይነሮቹ የሚነሱባቸውን ጥቅሎች፣ እንደገና ሲያወርዱ 16 የነበረው 17 ሆኖ መጣ፤ ዳታቤዙም አልነሳም አለ። ምክንያቱ የሶፍትዌሩን ሂደት በሚመዘግበው ሎግ ላይ በግልጽ ተጽፏል፦ ዳታው በ16 የተዘጋጀ ስለሆነ 17 ሊያነበው አይችልም። መረጃው ከኮንቴይነሩ ውጭ፣ ቮሊዩም በሚባል የተለየ ማከማቻ ላይ ስለሚቀመጥ ምንም አልጠፋም። ቁጥሩን 16 ብለው ጽፈው ሲያስነሱት የመምህራኑ ፋይል ሁሉ እንዳለ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በፋይሎቻችን ውስጥ «ሌተስት» የሚባል ነገር የለም። ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ዋና ቨርዥን 5 ዓመት ድጋፍ ይሰጣል፤ ስለዚህ ወደ 17 የምንሻገረው ተዘጋጅተን ነው።

ኔክስትክላውድ ራሱ ዋና ቨርዥን መዝለል አይፈቅድም። ከ28 ወደ 30 ለመድረስ በ29 ማለፍ ግድ ነበር፤ ሁለቱንም ደረጃዎች አርብ ከሰዓት፣ ላቡ ክፍል በሌለበት ሰዓት ሠርተናቸዋል። ቅደም ተከተሉ አልተለወጠም፦ የለውጡ ማስታወሻ ይነበባል፣ ኔክስትክላውዱ የጥገና ሁኔታ ላይ ይደረጋል፣ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ይወሰዳል፣ ከዚያ ቁጥሩ ይቀየራል። ሎጉን አይቶ ሁሉ ደህና ነው የሚለው ሥራውን የሠራው ተማሪ ሳይሆን ሌላ አባል ነው።

ከሁሉ አስበልጬ የማነሳው ግን የባክአፑን ጉዳይ ነው። ጥር ላይ የክበቡ ጸሐፊ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ በየሳምንቱ የሚጠራቀሙትን የዳታቤዝ ባክአፖች ዝርዝር ትመለከት ነበር። የፋይሉ ስም ልክ ነው፤ ቀኑም ልክ ነው፤ መጠኑ ግን 0 ይላል። የዳታቤዙ የይለፍ ቃል ከተቀየረ ወዲህ ትእዛዙ ይከሽፍ ነበር። ውጤቱን ወደ ፋይል የሚመራው ምልክት ግን ትእዛዙ ተሳካም አልተሳካም አስቀድሞ ባዶ ፋይል ይከፍታል። ብዙ ሰው ፋይሉ በቦታው መኖሩን አይቶ ያልፈው ነበር፤ እሷ ግን ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ሄዳ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ባዶ እንደሆነ ለይታ መጣች። አሁን አንድ ባክአፕ በመዝገባችን «ተወስዷል» ተብሎ የሚጻፈው ለሙከራ በምንጠቀምበት ሁለተኛ ኮምፒውተር ላይ ተመልሶ፣ አንድ ወርክሺት ተከፍቶ ከታየ በኋላ ነው። አንድ ቅጂም ላቡ ውስጥ ሳይሆን ርእሰ መምህሩ ቢሮ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይቀመጣል።

ሥራው ከግቢ ውጭም ወጥቷል። ታቦር ክፍለ ከተማ የሚኖር አንድ አባላችን በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ተመሳሳዩን ለቤተሰቡ አዘጋጅቷል፤ ታናናሾቹ ኪዊክስ ላይ ያነባሉ። ኢሜጁን ላብ ውስጥ አንዴ አውርዶ በ«ዶከር ሴቭ» ፍላሽ ላይ ይይዘዋል፣ ቤቱ በ«ዶከር ሎድ» ያስገባዋል። የሞባይል ዳታ ለሚገዛ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የላፕቶፑ ባትሪም መብራት ሲሄድ ማሽኑ በድንገት እንዳይጠፋ ይይዝለታል፤ ለዳታቤዝ ደግሞ ድንገተኛ መጥፋት አይመከርም። የላቡ ዴስክቶፕ ይህ የለውም፤ እስካሁን ያለ ዩፒኤስ ነው የሚሠራው።

12ኛ ክፍል የነበሩት አባላት ለብሔራዊ ፈተና ሲሄዱ መዝገቡን ለተተኪዎቻቸው በፊርማ አስረክበዋል። ቀኑ፣ የአፕሊኬሽኑ ስም፣ የቀድሞውና የአዲሱ ቨርዥን ቁጥር፣ የሠራውና ያረጋገጠው አባል ስም በየረድፉ ሰፍሯል። ለመጪው ዓመት የተቀጠረው ሥራ ፖስትግሬስን ከ16 ወደ 17 ማሻገር ነው፤ መጀመሪያ በሁለተኛው ኮምፒውተር ይሞከራል።

ወላጆችን የምንጠይቀው አንድ ነገር አለ። ቤታችሁ የተቀመጠ አሮጌ ላፕቶፕ ካለ ስክሪኑ ቢሰበርም፣ ኪቦርዱ ባይሠራም ለሰርቨርነት ይሆነናል፤ ራሙ 4 ጊጋ ባይት ቢሆን ይበቃል። የግል ፋይላችሁን አስቀድማችሁ ቅዱና አጥፉ። ባትሪው ያበጠ ከሆነ ግን ቻርጅ ላይ አትሰኩት፤ ከማምጣታችሁ በፊት ለክበቡ ንገሩን።