ቀኙ በማን በኩል ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ፕሮቶኮል ለብዙዎቻችን ቀይ ምንጣፍና ከረባት ነው። ዋና ሥራው ግን ማንም እንዳይናቅ ማድረግ ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የቪየና የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስምምነት በአንቀጽ 16 የአንድ ማዕረግ መልእክተኞችን ቅደም ተከተል የሚወስነው ሥራ በጀመሩበት ቀንና ሰዓት ነው። የትንሿ አገር አምባሳደር ቀድማ ከመጣች ከኃያሉ አገር አምባሳደር በላይ ትቀመጣለች። እንዴት ያለ ፍትሐዊ ደንብ ነው!

በየመሥሪያ ቤቱ ነገር የሚበላሸው በጥቃቅኑ ነው። የክብር እንግዳ ቦታ በአስተናጋጁ ቀኝ ነው። መድረክ አዘጋጆች ግን በታዳሚው በኩል ቆመው ስለሚያዩት እንግዳውን በግራ ያስቀምጡታል። የስም ካርድ ከመደርደር በፊት የአስተናጋጁ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ቀኝን መለየት ይበቃል።

የግብዣ ደብዳቤም እንዲሁ። «ከቀኑ 9 ሰዓት» የሚለው እንዳለ ከተተረጎመ የውጭ እንግዳው በጠዋቱ 3 ሰዓት በር ላይ ይቆማል፤ 15፡00 ተብሎ ይጻፍለት። የእኛን ሰው ደግሞ በአባቱ ስም ብቻ ካርድ መጻፍ ይቅር፤ የተጋበዘው አባትየው አይደለም።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ