ዓይንሽን አውሺኝ

ውዴ፣

ጠፋሁ። አውቃለሁ። መልእክትሽን አይቼ ሳልመልስ የቀረሁበት ቀን ብዙ ነው። ሰበብ ብደረድርልሽም አታምኚኝም፣ ስለዚህ ይቅር በይኝና ወደ ጉዳዬ ልግባ። የእማማን ነገር ግን በጽሑፍ አልቻልኩትም። እየጀመርኩ ሰርዤዋለሁ። ስትመጪ አብረን እናለቅሳለን።

ሚጣ ልታገባ ነው! አዎ፣ ያቺ ቀለማችንን ከቱቦው እየጨመቀች የምትጨርስብን ሚጣ። ሠርጉ ጥር ላይ ነው። ቀሚሷን የማሠራው እኔ ነኝ፣ ጥለቱንም የምነድፈው እኔ ነኝ። ደስታዬን በምን ልንገርሽ። ግን ከዚህ ጥለት ጋር ተፋጥጬ እንቅልፍ አጥቻለሁ። የምጠይቀው ሰው ጠፍቶ አይደለም፣ ካንቺ ሌላ ሰው መጠየቅ አልፈለግኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚጣ ቀይ ትወዳለች፣ ታውቂያታለሽ። ስልኳ ላይ የቀለም መተግበሪያ ከፈተች፣ ቀዩን ነካች፣ ተቃራኒውን አወጣላት። አረንጓዴ ቀመስ ሰማያዊ። «በቃ፣ እነዚህ ሁለቱ ናቸው» አለች። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት የቀባነው የቀለም ክብ አሁንም ጭንቅላቴ ውስጥ አለ፣ እዚያ ላይ ከቀይ ፊት ለፊት የተቀመጠው ጥርት ያለ አረንጓዴ ነው። ተከራከርን። እናቴም ገባችበት።

ማታ ብቻዬን ሳስበው ግን ሁለቱም ልክ ናቸው። የኛ ክብ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ላይ የቆመ ነው፤ ቀለም ከቀለም ሲደባለቅ የሚሆነውን ይነግርሻል። ስልኩ የሚደባልቀው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ስለዚህ የቀይ ተቃራኒ ሌላ ቦታ ላይ ይወድቃል። ክርስ? ክር እንደ ቀለም አይቀላቀልም። ቀዩ ቀይ ሆኖ፣ ሰማያዊውም ሰማያዊ ሆኖ ጎን ለጎን ይተኛል፣ ከሩቅ ሲታይ የሚደባልቀው ዓይናችን ነው። እንዲህ ከሆነ ለክር የሚቀርበው የሚጣ ስልክ ነው ማለት ነው! ቀይና አረንጓዴ ክር በስሱ ብታፈራርቂ ከሩቅ ቡናማ ይሆንብሻል፣ የሚጣ ሁለት ቀለሞች ግን ወደ ግራጫ ይሄዳሉ።

ግራጫ። ለሠርግ። ጭንቀቴ ይሄ ነው።

ሽሮ ሜዳ ያሉት ሸማኔያችን ጋሼ ናሙና ሠሩልኝ። መጀመሪያ ማጉን እያፈራረቁ በስሱ ሞከሩት። እጄ ላይ ይዤ ሳየው ያምራል፣ በር ላይ ሆኜ ሳየው ሞቷል። ሙሽራ ደግሞ አዳራሽ ውስጥ ከሩቅ ነው የምትታየው። ቀጥለው ሁለቱን ቀለሞች ጣት በሚያህል ስፋት አጠገብ ለአጠገብ አደረጓቸው። አሁን ደግሞ ሕይወቱ በዛ፤ ድንበራቸው ላይ ዓይን ማረፊያ ያጣል፣ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ተቃራኒ ቀለም እንዲህ ነው፣ አንዱ ሌላውን ያጋግላል። ጋሼ ይሄን አይተው «አስታራቂ ክር ያስፈልገዋል» አሉና መሐላቸው ቀጭን ጥቁር ከተቱበት። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቆመን አንገታችን እስኪቆለመም ያየናቸው ሥዕሎች ትዝ አሉኝ። እዚያም ቀለሙን ከቀለም የሚለየው ጥቁር መስመር ነው። ደስ አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ጋሼ ደወሉ፣ ተቆጥተዋል። «ጥቁሩ ክር የለቀቀ ነው፣ ነጋዴው አታሎናል» አሉኝ። ሄጄ አየሁት። እውነትም በቀዩ በኩል ደህና ነው፣ በሰማያዊው በኩል ግን የደከመ፣ ዝገት የነካው ይመስላል። (ያገኘነው ሰማያዊ ክር ከስልኩ ጠቆር ያለ ነው።) ከዚያው ልቃቂት ትንሽ ቆርጬ ነጭ ነጠላ ላይ አስቀመጥኩት። ኩል የመሰለ ጥቁር! ጋሼ ክሩን አነሱት፣ መልሰው ሰማያዊው ላይ አደረጉት፣ እንደገና አነሱት። ዝም ብለው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ረጅም ሳቅ ሳቁ።

ያኔ ያንቺ ከተማ ትዝ አለኝ። ፓሪስ ውስጥ ጎብላን የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አለ አይደል? የድሮው የጎብላን ምንጣፍና መጋረጃ መሸመኛ እዚያው ሰፈር ነው። ሸቭረል የሚባል ኬሚስት በ1824 የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ ሆኖ ሲገባ የጠበቀው ስሞታ የጋሼ ስሞታ ነበር፣ ጥቁሩ ክር ደካማ ነው የሚል። ክሩን መረመረው፣ ምንም አልጎደለውም። ችግሩ አጠገቡ የተሸመነው ሰማያዊና ሐምራዊ ነበር። ዓይን ሰማያዊ ሲያይ የተቃራኒውን ጥላ ጎረቤቱ ላይ ይጥላል፣ ጥቁሩም ወደ ብርቱካናማ ያዘነብላል። በ1839 ይሄንኑ ትልቅ መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። ሰውዬው መቶ ሁለት ዓመት ኖረ፣ ስሙም ኤፍል ማማ ላይ ተጽፏል። አንቺ እኮ በየቀኑ በአጠገቡ ታልፊያለሽ!

አሁን ጥያቄዬን ልንገርሽ። ክቡ የትኞቹ ቀለሞች እንደሚስማሙ ይነግረኛል፣ ከእያንዳንዱ ስንት ስንት እንደሆነ ግን አይነግረኝም። ባውሃውስ የሚባለው የጀርመን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረው ኢተን ከገጣሚው ጎተ ወስዶ ያስቀመጠውን መጠን ታስታውሻለሽ? ለአንድ እጅ ቢጫ ሦስት እጅ ሐምራዊ፣ ለአንድ ብርቱካናማ ሁለት ሰማያዊ፣ ቀይና አረንጓዴ እኩል በእኩል። እሱ ያሰላው ለስድስቱ ዋና ቀለሞች ነው፣ ለሚጣ ሰማያዊ የለኝም። በዚያ ላይ ሁሉም ነገር ነጭ ሸማ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ነጭ ደግሞ በመሐሉ ያለውን ቀለም ያጠቁረዋል። የኔ ስሜት ቀዩ ይግነን፣ ሰማያዊው ጠበብ ይበል፣ አስታራቂውም ከጥቁር ወደ ወርቃማ ይቀየር ይላል። እኩል ከሆኑ ሁለቱም እኔን እዩኝ ይላሉ። ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ብሩሽ ከነካሁ ቆይቷል፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ስቱዲዮው ሰፋብኝ። ይሄን ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ።

ፎቶ አልልክልሽም፣ ስልክ ቀለም ይዋሻል። ክሮቹን ካርቶን ላይ በተለያየ ስፋት ጠምጥሜ ወደዚያ ለሚመጣ ሰው ሰጥቻለሁ፣ ይደውልልሻል። በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ እዪው፣ አምፖል ሥር አይሆንም። ከዚያ ግድግዳ ላይ ለጥፊውና እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ራቂ። ከጥቁር ሌላ ለብሰሽ የማታውቂው አንቺ የሰው ቀለም ስትመርጪ ግን ስተሽ አታውቂም፣ እስካሁን እንዴት እንደሆነ አይገባኝም።

ጋሼ ድሩን ከኅዳር ሚካኤል በፊት መወጠር ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ አትዘግዪብኝ። መልሱን ደግሞ ለኔ ብቻ ላኪው። ሚጣ ካየችው ሁሉንም ልልበስ ትላለች።

ናፍቀሽኛል።