ጆን ሆፕ ፍራንክሊን ንዴቱን የት አኖረው?

ሚጡዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ «ስልኳን ዘግታ ነው የምትውለው» እያለች ታማርራለች፤ እሱን እናንተው ተነጋገሩበት።

እኔ የምጽፍልሽ ስለ ወረቀትሽ ነው። መምህርሽ «ስሜት በዝቶበታል» ብሎ መለሰልኝ ስትዪኝ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። «የሰው ሽያጭ መዝገብ እያነበብኩ እንዴት አልናደድም?» አልሽኝ። እውነትሽን ነው። ሥራ ላይ ቆሜ ሳስበው ግን አንድ ሰው ትዝ አለኝ። አንቺ አሁን በምትኖሪበት በኖርዝ ካሮላይና ይህንኑ ሥራ የሠራ፣ ከአንቺ የባሰ የሚያናድድ ነገር የገጠመው ሰው ነው። ጆን ሆፕ ፍራንክሊን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር ነው። ስሙን ሳትሰሚው አልቀረሽም። ኑሮውን ግን ደሴ ታሪክ ሳስተምር እንደለመድኩት አድርጌ ላውራልሽ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

በ1915 ኦክላሆማ ውስጥ ሬንቲስቪል በምትባል የጥቁሮች መንደር ተወለደ። እናቱ አስተማሪ፣ አባቱ ጠበቃ ነበሩ። ስድስት ዓመቱ ላይ ከእናቱ ጋር ባቡር ተሳፍሮ የነጮች ፉርጎ ውስጥ ተቀመጡ። ባቡሩን አስቁመው ጫካ መሐል አወረዷቸው። በእግራቸው ሲመለሱ ልጁ ያለቅሳል። እናቱ ጉልበትህን በለቅሶ አትጨርስ፣ ከማንም እንደማታንስ በማሳየት ተጠቀምበት አለችው። እናትሽ ብትሆን ባቡሩን ተከትላ የምትሮጥ ይመስለኛል።

በዚያው በ1921 አባትየው ቀድሞ ወደ ተልሳ ሄዶ ቢሮ ከፍቷል፤ ቤተሰቡ ሊከተለው ዕቃውን ጠርዟል። ሜይ መጨረሻ ላይ የታጠቁ ነጮች የጥቁሮቹን ሰፈር ግሪንዉድን አቃጠሉት። የአባትየው ቢሮም ዐመድ ሆነ። ለቀናት በሕይወት መኖሩን እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። እሱ ግን ድንኳን ተክሎ፣ ጠረጴዛና የጽሕፈት መኪና አስገብቶ፣ የጥብቅና ሥራውን ቀጠለ። ፎቶው ዛሬም አለ፤ ፈልገሽ እዪው። ከተማው ጥቁሮቹ ቤታቸውን መልሰው እንዳይሠሩ የሚከለክል ደንብ ቢያወጣ፣ ተሟግቶ አሸነፈ። ቤተሰቡ ተልሳ የገባው በ1925 ነው። ልጁ አራት ዓመት ሙሉ አባቱን ሲጠብቅ ኖረ ማለት ነው። ይህን እኔና አንቺም እናውቀዋለን፤ ቪዛሽ እስኪወጣ ድረስ።

ዩኒቨርሲቲ ፊስክ ገባ። ሐሳቡ እንደ አባቱ ሕግ መማር ነበር። ቲዎዶር ከሪየር የሚባል ነጭ የታሪክ መምህር አስኮበለለው። ሃርቫርድ ሲቀበለው ግን ገንዘብ የለም፤ ዘመኑ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው። ከሪየር ባንክ ሄዶ 500 ዶላር በራሱ ስም ተበድሮ ሰጠው። እኔ በበኩሌ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምወደው ይህንን ነው። አክስቶችሽ «ታሪክ ምን ይበላል?» ሲሉኝ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። አይሰሙኝም እንጂ።

አሁን ወደ ነገራችን ልምጣ። በ1939 ለዶክትሬቱ ራሌይ ወደሚገኘው የኖርዝ ካሮላይና ቤተ መዛግብት ሄደ። ርዕሱ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት በግዛቷ ይኖሩ የነበሩ ነፃ ጥቁሮች ናቸው። ኃላፊው ራሱ የታሪክ ዶክተር ነው። ሕንፃው ሲነደፍ ጥቁር ተመራማሪ ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም አለው። አንድ ሳምንት ስጠኝና ላመቻች ሲል ፍራንክሊን ዝም ብሎ አየው። ኃላፊው ቀኑን በግማሽ ቀነሰ። ሰኞ ሄዶ ሐሙስ ሲመለስ አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር ያለባት ጠባብ ክፍል ጠበቀችው። ነጭ ሠራተኞች ጥቁርን እንዳያስተናግዱ ሲባልም የመዛግብቱ ክፍል ቁልፍ ተሰጠው፤ ራስህ እየገባህ አምጣ ተባለ።

አስቢው እስኪ። ሊያገሉት ብለው ማንም ተመራማሪ የሚያልመውን ቁልፍ እጁ ላይ አስቀመጡለት! መደርደሪያ ለመደርደሪያ እየዞረ ያሻውን ያነሳል። ሁለት ሳምንት እንደሄደ ነጮቹ ተመራማሪዎች አድልዎ ተፈጸመብን ብለው አቤት አሉ። ቁልፉን ነጠቁትና ሠራተኞቹ እንዲያስተናግዱት ታዘዙ።

ሌላም አለ። በ1945 ሉዊዚያና ሄደ። የባተን ሩዥ ቤተ መዛግብት ለጥቁር ዝግ ነው። ዕድል ሆኖ በጦርነቱ ድል ምክንያት ቤቱ ለበዓል ተዘግቶ ነበር። ሌላ አንባቢ ስለሌለ ኃላፊው አስገባው። ዓለም ነፃነትን ሲያከብር እሱ ባዶ ቤት ውስጥ ሰነድ ይገለብጣል።

ሰዎች ስለ እሱ ሲያወሩ «ታጋሽ፣ ጨዋ» ይሉታል። ጨዋስ ነበር። ታጋሽ የሚለውን ግን አልቀበልም። በ1941 ጃፓን ፐርል ሃርበርን መትታ አሜሪካ ጦርነት ስትገባ ባሕር ኃይሉ የቢሮ ሠራተኛ ይፈልግ ነበርና በፈቃዱ ሄደ። በመኪና ጽሕፈት ሜዳሊያ አለው፣ ሾርትሃንድ የሚሉትን ፈጣን አጻጻፍ ያውቃል፣ ዶክትሬቱም የሃርቫርድ ነው። መልማዩ ሁሉን ታሟላለህ፣ ቀለምህ ብቻ ነው የጎደለው አለው። ከዚያ በኋላ ይህች አገር ለጦርነት አታገኘኝም ብሎ ወሰነ፤ ጦርነቱ እስኪያልቅ ከምልመላው እያመለጠ ኖረ። ይህ ታጋሽነት ነው? እርር ድብን ያለ ሰው ነው። ንዴቱን መዝገብ ውስጥ ይዞት ገባ እንጂ አልጣለውም።

በ1947 የጥቁር አሜሪካውያንን ታሪክ የጻፈበት «ከባርነት ወደ ነፃነት» የተባለው መጽሐፉ ወጣ። ከሦስት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። በነገርሽ ላይ፣ ያንን መጽሐፍ ለመጨረስ ዋሽንግተን ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሲቀመጥ በገንዘብ የደገፈችው ባለቤቱ ኦሬሊያ ናት፤ የሕግ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች። በዚያው ዓመት ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። የታሪክ ክፍሉ ውስጥ ስለ ኢትዮጵያና አፍሪካ ጥንታዊ ታሪክ ሲለፋ የኖረው ዊሊያም ሊዮ ሃንስበሪም ነበር፤ በ1964 አዲስ አበባ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት የተቀበለው። ሃዋርድ ያለው እኛ እንጀራ ከምንገዛበት ሰፈር ጥግ ነው።

አሁን የአንቺ ጥያቄ። በ1953 ተርጉድ ማርሻል ጠራው፤ በዘር የተለየ ትምህርት ቤት እንዲቀር ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚሟገተው ጥቁር ጠበቃ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ጥበቃ እንዲያገኝ የሚለው የሕገ መንግሥቱ አሥራ አራተኛ ማሻሻያ ሲጸድቅ ሕግ አውጪዎቹ ስለ ትምህርት ቤት ምን አስበው ነበር ብሎ ጠይቋል። ፍራንክሊን ከዋሽንግተን ኒው ዮርክ እየተመላለሰ ሰነድ አቀረበ። በሚቀጥለው ዓመት ሜይ 17 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ በዘር የተለየ ትምህርት ቤት ሕገ ወጥ ነው አሉ። ፍራንክሊን ስለዚያ ሥራ ሲጽፍ፣ ማስረጃውን ሆን ብዬ የፍትሕ ጥሪ አደረግሁት፣ ምሁርነቴ እንዳልተጎዳ ተስፋ አደርጋለሁ ብሏል። መምህርሽ ይህንን እንዴት ያየው ይሆን? እኔ ትክክል ነው እላለሁ። ግን ልብ በይ፤ ጥሪው የቆመው ስንት ዓመት ከተገለበጠ ሰነድ በኋላ ነው። አንቺ ገና ሁለተኛው የመዝገብ ሣጥን ላይ ነሽ።

የቀረውን ባጭሩ ልበልሽ። በ1956 ብሩክሊን ኮሌጅ የታሪክ ክፍል ኃላፊ ሲሆን ኒው ዮርክ ታይምስ ፊት ገጹ ላይ አወጣው። ዜናው ወጣ፤ ቤት የሚሸጥለት ግን ጠፋ፣ ባንኮቹም ፊት ነሱት። በ1965 ከሌሎች የታሪክ ምሁራን ጋር ለጥቁሮች የመምረጥ መብት ወደ ሞንትጎመሪ በተደረገው ሰልፍ ተገኘ። በዚያው ዓመት የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ባይኖር እኛን የመሰለው ሰው እዚህ አገር መግባቱን እንጃ። ቺካጎ፣ ከዚያም ዱክ አስተማረ። ጓሮው ኦርኪድ ያሳድግ ነበር።

1995። ፕሬዚዳንቱ ትልቁን የነፃነት ሜዳሊያ ሊያጠልቁለት አንድ ቀን ሲቀር፣ አባል በሆነበት የዋሽንግተን ክበብ ወዳጆቹን እራት ጋበዘ። አንዲት ነጭ ሴት የኮት ቁጥሯን ሰጥታው ኮቴን አምጣልኝ አለችው። ሰማንያ ዓመቱ ነው። ለሠራተኞቹ ስጪ፣ ዩኒፎርም የለበሱት እነሱ ናቸው ብሎ በትሕትና አሳያት። እኔ ሆቴል ውስጥ ያንን ቁጥር የምቀበል ሰው ነኝ፤ በሥራው አላፍርም። ያናደደኝ ሴትዮዋ ፊቱን ሳታይ መስጠቷ ነው። በኋላ ላይ ታሪኩን ራሱ እንደ ማስረጃ ደጋግሞ ይናገረው ነበር። ቀን፣ ቦታ፣ ማን ምን አለ፤ ብቻ።

ስለዚህ ወረቀቱን መልሰሽ ስትጽፊ «አሰቃቂ»፣ «ዘግናኝ» የሚሉትን ሰርዢና መዝገቡ ላይ ያለችውን ልጅ ዕድሜና የተሸጠችበትን ዋጋ ብቻ አስቀምጪ። ያ ካልሠራ መምህሩን በሰነድ ተከራከሪው። ራሌይ የምትሄጂው መቼ ነው? ሁለተኛውን ረቂቅ ሳታስረክቢ ለእኔም ላኪልኝ፤ ማክሰኞ እረፍት ነኝ።

አባትሽ