ግልጽ ደብዳቤ፦ መድኃኒቱ የት እንዳለ የሚነግረን መተግበሪያ ይሠራልን

ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በየመድኃኒት ቤቱ ያለውን መድኃኒት ከቤት ሆኖ ለማወቅ የሚያስችል መተግበሪያ እንዲሠራ ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣

እናቴ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ወዲህ ሌቮታይሮክሲን የተባለውን ኪኒን በየማለዳው፣ እህል ሳትቀምስ ትወስዳለች። ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። ያስቸገረን ዋጋው አይደለም፤ ያለበትን ቦታ ማወቅ ነው።

ባለፈው ወር ኪኒኗ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ፍለጋ ወጣሁ። ከአራት ኪሎ ጀምሬ ወደ ፒያሳ፣ ከዚያ ወደ ሜክሲኮ አለፍኩ። አሥራ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ባዶውን ማሸጊያ እዘረጋለሁ፤ ባለሙያው ስሙን እንዳየ ራሱን ይነቀንቃል። አንዱ «ትናንት ነበር» አለኝ። ሌላዋ ባለ 100 ማይክሮግራሙ ብቻ እንዳላት ነገረችኝ፤ እናቴ የምትወስደው ባለ 50 ስለሆነ ሐኪሟን ሳልጠይቅ መግዛት ፈራሁ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ሳሪስ፣ አንዲት ጠባብ መድኃኒት ቤት ውስጥ አገኘሁት። ከቤታችን በአንድ ታክሲ የሚደረስበት ቦታ ነው። እኔ ከተማውን ስዞር መድኃኒቱ ቀኑን ሙሉ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበር።

ከዚያ በፊት በገባሁበት በሦስተኛው መድኃኒት ቤት ከገጠር የመጡ አንድ አባት ከፊቴ ቆመው ነበር። የሚፈልጉት ለልጃቸው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው። «የለም» ሲባሉ «ታዲያ የት ልሂድ፣ ልጄ?» ብለው ጠየቁ። ባለሙያዋ የምትመልሰው አልነበራትም፤ ማዘኗ ግን ከፊቷ ይነበብ ነበር። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእርሳቸው ጥያቄ መልስ እንዲኖር ነው።

ዛሬ የማሸጊያውን ፎቶ በቴሌግራም እየለጠፍን «ያያችሁ ተባበሩን» እንላለን። ውጭ አገር ዘመድ ያለው በሰው እጅ ያስልካል። ዘመድ የሌለው በእግሩ ይዞራል።

መረጃው ግን አለ። ብዙ መድኃኒት ቤቶች ሽያጫቸውን በኮምፒውተር ይመዘግባሉ። በመንግሥት ጤና ተቋማትም የመድኃኒት ክምችት የሚመዘገብበት «ዳጉ» የተባለ ሶፍትዌር አለ። ስሙ የመጣው ከአፋር ነው፤ መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን የሚለዋወጡበት ባህል ዳጉ ይባላል። በዳጉ የሰሙትን ለራስ ማስቀረት ነውር ነው፤ ለቀጣዩ መንገደኛ መድረስ አለበት። የመድኃኒቱ ዳጉ የተሠራው ለክምችት ቁጥጥር ነውና ወሬው እኛ መንገደኞቹ ዘንድ ይድረስ ነው የምለው።

ፍለጋው በመድኃኒቱ ዋና ስም ይሁን፤ አንዱ መድኃኒት በበርካታ የንግድ ስሞች ስለሚሸጥ እኔ ራሴ ማሸጊያው ስለተለየብኝ ብቻ ትቼው የሄድኩበት ጊዜ አለ። ብዛቱ አይታይ፤ «አለ» ወይም «የለም» ይበቃል። ሱስ የሚያስይዙ መድኃኒቶች ጨርሶ አይካተቱ። የፈላጊው ስምና ሕመም አይመዝገብ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶልናል። ቴሌብር በ*127# ያለ ኢንተርኔት እንደሚሠራ ሁሉ ይህም በተራ ስልክ ይሥራ፤ አለዚያ እኚያን አባት አይጠቅማቸውም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ያረጀ መረጃ ነው። «አለ» ተብሎ ሄዶ «አልቋል» መባል ከመጀመሪያው ካለማወቅ ይብሳል፤ ሕመምተኛው የቀረችውን ጉልበትና የታክሲ ገንዘብ ይጨርሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ መልስ በስንት ሰዓት እንደተመዘገበ አብሮ ይታይ፤ 24 ሰዓት ያለፈው ይሰረዝ። መድኃኒት ቤቶች ገበያ ስለሚያመጣላቸው ብዙዎቹ በፈቃዳቸው ይገባሉ ብዬ አምናለሁ። ብርቅ የሆነውን ለሚያውቁት ደንበኛ የሚደብቁት ግን አይገቡም፤ ለእነርሱ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚያድሰው አካል ግዴታ ያድርገው።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ብዙ ወጣቶችን አስተምሯል። ሠልጣኞቹ የሚሠሩት እውነተኛ ችግር ይፈልጋሉ፤ እኛ ደግሞ ችግሩ ሞልቶናል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበትን ሌሊት አስቀድሞ የሚያሳውቅ፣ መብራት የጠፋው በሰፈሩ በሙሉ ይሁን በእኛ ቤት ብቻ የሚነግር መተግበሪያም እንሻለን። ከአንዱ ይጀመር ከተባለ ግን ከመድኃኒቱ ይጀመር፤ ውሃ ከጎረቤት ይቀዳል።

የምጠይቀው መሥሪያ ቤትዎ ከጤና ሚኒስቴር ጋር ተነጋግሮ በአንድ ክፍለ ከተማ ሙከራ እንዲያስጀምር፣ ውሳኔውንም ለሕዝብ እንዲያሳውቅ ነው። ለሙከራው ፈቃደኛ ተጠቃሚ ካስፈለገ እኔ አለሁ። ለእናቴ የቀራት የ23 ቀን ኪኒን ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የአዲስ አበባ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለጤና ሚኒስቴር